እቴጌ ጣይቱ ምን ይወዱ ነበር?

የካቲት 23 በደረሰ ቁጥር የእቴጌ ጣይቱ ብጡል ስም በየትምህርት ቤቱ ይነሳል። የውጫሌን ውል የተቃወሙት፣ መቀሌ ላይ ጠላትን በውሃ ጥም ያስጨነቁት፣ ዓድዋ ድረስ የዘመቱት እቴጌ ይባልና ይጨበጨባል። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው የካቲት ስማቸው ተጣጥፎ ሣጥን ውስጥ ይገባል። እኛ ከሸርቆሌ ወረዳ የመጣን እጩ መምህራን ግን በዚህ ሳምንት የግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ሌላ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። ለመሆኑ እኚህ ሴት ጦርነት በሌለበት ቀን በምን ይደሰቱ ነበር? እጃቸው ምን ይወድ ነበር? ጆሯቸውስ? ምላሳቸውስ?

ጥያቄው ተራ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ነገ ከነገ ወዲያ ተመድበን ስንወጣ የሚጠብቁን ልጆች የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ሸርቆሌ ያለ የአራተኛ ክፍል ልጅ ስለ ውሉ አንቀጽ 17 አይጠይቅም። ንግሥቲቱ ወጥ መሥራት ይችሉ ነበር ወይ፣ ምን ይጫወቱ ነበር፣ ውሃ ማን ይቀዳላቸው ነበር እያለ ነው የሚያፋጥጠን። ደግሞም ነገሩን ስንመረምረው የእቴጌይቱ ትልልቅ ሥራዎች ከእነዚህ ከትንንሾቹ ነገሮች የወጡ ሆነው አገኘናቸው።

እንግዲህ ከመነሻው እንጀምር። ጣይቱ የተወለዱት በ1840ዎቹ ዓ.ም. ነው። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ወንድም ናቸው፤ እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር ይባላሉ። ቤተሰቡ ታላቅ ነበረ፤ ታዲያ ታላቅነቱ ብዙም አልቆየም። በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ፣ ማለትም የኋላው አጤ ቴዎድሮስ፣ ደረስጌ ላይ ውቤን ድል አድርገው ያዙና ያ ቤት ተበተነ። ጣይቱም አባታቸውን በልጅነታቸው አጥተው ጎጃም ውስጥ ደብረ መዊ በሚባለው ገዳም አካባቢ አደጉ።

ከዚያ ከተበተነው ቤት የተረፋቸው ትልቁ ሀብት ፊደል ነው ብንል አናጋንንም። በዚያን ዘመን የመኳንንት ሴት ልጅ የምትማረው መፍተል፣ ጥልፍ መጥለፍና ቤት ማስተዳደር ነበር። የሴት ልጆች የመንግሥት ትምህርት ቤት ገና አልተከፈተም፤ እንኳን የሴቶች የወንዶቹም የለም። ጣይቱ ግን አማርኛ ማንበብና መጻፍ ቻሉ፤ ግዕዝም ያውቁ ነበር። እዚህ ላይ ማንበብና መጻፍ ያልነው እንዲያው ለአፍ ማሳመሪያ አይደለም። ያኔ ዳዊት የሚደግም ሁሉ ብዕር ይይዛል ማለት አልነበረም። መጻፍ የጸሐፊዎች ሙያ ነው ተብሎ ብዙው ባላባት አንባቢ ሆኖ ጽሕፈት ሳይነካ ይሞት ነበር። እሳቸው ግን ሁለቱንም ያዙ። ግጥምም ይገጥሙ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ።

የሚወዱት የሙዚቃ መሣሪያ በገና ነው። በገናን ያላየ ጓደኛ ካለ፣ ዐሥር አውታር ያለው፣ ቁመቱ ተቀምጦ የሚመታውን ሰው የሚያህል መሣሪያ ነው። አውታሩ ከበግ አንጀት ይሠራል። ከእያንዳንዱ አውታር ሥር እንዝራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ስለሚገባ፣ ድምፁ የንብ መንጋ ከሩቅ ሲመጣ እንደሚሰማው ያለ ጉምጉምታ አለው። ለዘፈንና ለእስክስታ አይሆንም። በተለይ በዐቢይ ጾም፣ ሰው ከራሱና ከፈጣሪው ጋር ሲነጋገር ነው የሚደረደረው። እኛ አገር ያለውን ዙምባራ ያየ ሰው ልዩነቱ ቶሎ ይገባዋል። በበርታ ጨዋታ አንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚሞላው ሁሉም ተሰብስቦ በየተራው ሲነፋ ነው። ብቻውን የሚነፋ ሰው ዜማ የለውም። በገና ደግሞ ለብቻ ነው የተሠራው። በዙሪያቸው ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ለማይጠፋ ሴት ብቻ የሚሆኑበት ነገር ማስፈለጉ አይገርምም።

ሁለተኛው ፍቅራቸው ሰንጠረዥ ነው። ያሁኖቹ ቼዝ የምንለው ማለት ነው፤ ነገር ግን የድሮው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ አጨዋወቱ ይለያል። ዛሬ ቼዝ ስንጫወት አንዱ ያንቀሳቅሳል፣ ሌላው ይጠብቃል። በድሮው ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። ወረራ ይባላል፤ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል፣ ጠጠራቸውን እየገፉ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን እጅ እያየ የራሱን ያርማል፣ ይመልሳል፣ ያደባል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው ተራ የሚጀመረው። ስለዚህ ጨዋታው የሚያስተምረው መግደልን ብቻ አይደለም፤ ገና ምንም ሳይጀመር የሰውን እጅ ማንበብን ነው። ለዚህ ነው የውጫሌን ውል ክርክር ስናነብ ሰንጠረዡ ትዝ የሚለን። የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ በ1883 ዓ.ም. መጥቶ በአንቀጽ 17 ላይ ሲከራከር፣ ከፊቱ የተቀመጡት ሴት ጠጠር ሳይበላ እጅ ማንበብ የለመዱ ነበሩ። ይህ የእኛ ግምት ነው፤ የሚቃወም ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ።

ወደ ትዳራቸው እንለፍ፤ ብዙም አንቆይበት። ጣይቱ ከምኒልክ በፊት ሌሎች ትዳሮችን አይተዋል፤ አልጸኑም። በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን በቁርባን አገቡ። ከዚህ ትዳር ልጅ አልወለዱም። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲነግሡ፣ እሳቸው ከሁለት ቀን በኋላ እቴጌ ተብለው ዘውድ ደፉ። ብርሃን ዘኢትዮጵያ የሚለው የማዕረግ ስም የመጣውም ከዚሁ ጋር ነው።

ከዚያ በፊት ግን የሚያስደንቀው የፍልውሃው ነገር አለ። የምኒልክ ከተማ እንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። እንጦጦ ለጦር ይመቻል፤ ጠላት ከሩቅ ይታያል። ለኑሮ ግን ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ነፋሱ ድንኳን ይነቅላል፣ እንጨትና ውሃ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ከተራራው በታች ኦሮሞዎቹ ፊንፊኔ ከሚሉት ሜዳ ላይ ግን ከመሬት የሚፈልቅ ሙቅ ውሃ ነበረ። ጣይቱ እዚያ ወርዶ መታጠብን ወደዱ። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ሐረር ሲዘምቱ እሳቸው ከፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ። መኳንንቱም አይተው በየአቅጣጫው መሬት እየተመሩ ይሠሩ ጀመር። በአካባቢው ያዩት አበባ ደስ ብሏቸው ቦታውን አዲስ አበባ አሉት ተብሎ ይነገራል። እንግዲህ አስቡት። በመቶ ሺህና በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ዛሬ የሚኖርባት ዋና ከተማ የተመሠረተችው አንዲት ሴት ሙቅ ውሃ ስለወደዱና አበባ ስላዩ ነው። በካርታ አይደለም፣ በኮሚቴ አይደለም። ሴቶች ጓደኞቻችን ይህን ሲሰሙ ሳቁ። ሸርቆሌ ውሃ ያለበት ቦታ ቤት መሥራት ሴት ሁሉ የምትመኘው ነገር ነውና፣ እቴጌይቱ ምን አዲስ ነገር አደረጉ አሉን። እኛም ልዩነቱ ሥልጣን ብቻ ነው ብለን አለፍነው።

አሁን ወደ ማጀቱ እንግባ። ይህን ርእስ ስንመርጥ አንዳንድ ጓደኞቻችን አዘኑብን። ሴት ልጅ ማጀት እንጂ አደባባይ ምን አላት የሚለውን ያረጀ ብሂል ታድሱታላችሁ ወይ አሉ። የለም። እኛ የምንለው፣ ጣይቱ ማጀትን አደባባይ አደረጉት ነው።

እንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ ሲመረቅ፣ በ1880 ዓ.ም. አካባቢ፣ ለቀናት የዘለቀ ድግስ ተደገሰ። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉት የምኒልክ ታሪክ ስለዚህ ድግስ በሰፊው ያወራል። ይህ ራሱ ልብ የሚባል ነው። የነገሥታት ታሪክ ጸሐፊ ዘመቻ ይቆጥራል፣ ምርኮ ይቆጥራል፣ ሹመት ይቆጥራል፤ ቆም ብሎ የወጥ ዓይነት መዘርዘሩ ግን ብርቅ ነው። የድግሱ አዛዥ ጣይቱ ነበሩ። የጎንደሩንና የበጌምድሩን የወጥ አሠራር ይዘው ሸዋ የገቡ፣ የጎጃም ማጀት ያሳደጋቸው ሴት ናቸው። ከየአገሩ የመጣውን ቅመም አንድ ድስት ውስጥ ማገናኘት ያውቁበታል። ኮረሪማው ከደቡብና ከምዕራብ ጫካ ይመጣል፣ ማሩ ከየቆላው ቀፎ፣ ጤፉ ከደጋውና ከወይና ደጋው፣ በሬው ከየግጦሹ። የአንዱ አገር ሰው የሌላውን አገር ጣዕም ከአንድ ገበታ ላይ የቀመሰበት ቀን ነበር ማለት ይቻላል። የዛሬው የሆቴል ቤት በየዓይነቱ የምንለው ነገር ሥሩ ከዚህ ዓይነቱ ግብር ነው የሚመዘዘው ብለን እናምናለን።

ወጥ የሠራ ሰው ያውቀዋል። አንድ የዶሮ ወጥ እንኳ ዋዛ አይደለም። ዶሮው 12 ብልት ሆኖ በደንብ ይታጠባል፤ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በዝግታ ይቁላላል፤ በርበሬው ገብቶ ውሃ ጠብ እየተደረገበት ይበስላል፤ ከዚያ ቅቤው፣ ከዚያ ሥጋው፣ መከለሻው መጨረሻ ላይ፣ እንቁላሉም እንዲሁ። ሰዓት ከተሳሳተ ወጡ ያራል ወይም ይቀጥናል። ይህን ለአንድ ቤት ሳይሆን ለሺህ ሰው ማዘጋጀት ማለት ስንት ምጣድ፣ ስንት ድስት፣ ስንት ጋን፣ ስንት የእንጨት ሸክም፣ ስንት እንስራ ውሃ እንደሚጠይቅ በጭንቅላት መያዝ ነው። ማን ቀድሞ ይበላል፣ ለማን ሥጋው ከየትኛው ብልት ይደርሰዋል፣ ጠጁ ለማን ጠላው ለማን፣ ይህም ሕግ አለው፤ የተሳሳተ እንደሆነ የሚያኮርፈው ደጃዝማች ነው። ምን አለፋችሁ፣ ከሠራዊት ማሰለፍ አይተናነስም። ሒሳብ የሚያስተምሩን መምህሮቻችን ስለ ብዛትና ስለ ድርሻ ምሳሌ ቢያጡ ይህን ይውሰዱ።

ያ ደስታ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ክፉ ቀን መጣ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፣ ማሳው ጦሙን አደረ፣ ሕዝቡ አለቀ። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው ይታወቃል። በሬ ቆጥረው ለቀናት ያበሉ ሰዎች በሬ የሌለበት አገር ላይ መንገሣቸው ነው። ዘውዱ የተደፋው በዚሁ መካከል መሆኑን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን።

እዚህ ላይ እኛ የሸርቆሌ ልጆች ዝም ብለን ማለፍ የማይሆንልን ነገር አለ። የዚያ ሁሉ ወጥ እጅ የማን ነበር? እቴጌይቱ ያዝዛሉ፣ ይቀምሳሉ፣ ያርማሉ። ወፍጮው ላይ ጎንበስ የሚሉት፣ እንጨትና ውሃ የሚሸከሙት ግን ሌሎች ናቸው። በቤተ መንግሥቱና በመኳንንቱ ማጀት ውስጥ በዘመቻ የተማረኩና የተሸጡ ባሪያዎች ይሠሩ እንደነበር ታሪክ አይደብቀውም። በ1880ው ድግስ ላይ የእኛ አገር ሰው ነበረ አንልም፤ ያኔ የምኒልክ ጦር ገና አልደረሰብንም። የደረሰው በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን ቤኒሻንጉልን ሲዘምቱበት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ከዚህ ምድር ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ሰው ወደ መሐል አገር ሄዷል። ከአካባቢው ገዥዎች ዋነኛው ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን መጀመሪያ አዲስ አበባ ተወስደው ታሰሩ፤ በኋላ ተፈትተው ግብር እያስገቡ ገዙ። አዲስ አበባ ውስጥ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው። ባሪያ በመፈንገሉና በመሸጡ የእኛው ሹማምንትም እጅ ነበረበት፤ ይህንንም መደበቅ አያስፈልግም። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። እቴጌይቱ ከሞቱ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ስናውቅ የጣይቱ ሙያ ይጠፋል ወይ? በመካከላችን ክርክር ተነስቶ ነበር። ጠፍቷል ያሉ አሉ። ሌሎቻችን አልተስማማንም። ሙያቸው ሙያ ነው፤ ቅመም መምረጣቸው፣ ሺህ ሰው ማስተናገዳቸው፣ የሰውን ጣዕም ማወቃቸው እውነት ነው። ነገር ግን ያ ጣዕም ከእሳቸው ምላስ እስከ ገበታው የደረሰው በሰው ክንድ ነው፤ ያ ክንድ ደግሞ ስሙ የትም አልተጻፈም። ለተማሪዎቻችን ስናስተምር ሁለቱንም አንድ ላይ መናገር አለብን ወደሚለው ብዙዎቻችን አዘነበልን። ሸርቆሌ ውስጥ ማሽላ ፈጭታ፣ ገንፎ አገንፍታ፣ ባሚያ ደቁሳ ወጥ የምትሠራ እናት ያለችው ልጅ፣ ወፍጮ ላይ ስለነበሩት ሴቶች ካልተነገራት ታሪኩ የእሷ አይመስላትም።

ወደ ዓድዋም በዚሁ በማጀት በር እንግባ። በ1888 ዓ.ም. በጥር ወር መቀሌ ላይ ኢጣሊያኖች ምሽግ ውስጥ መሽገው ነበር። ወደ ምሽጉ በቀጥታ መሮጥ ብዙ ሰው አስጨረሰ። ጣይቱ የመከሩት ምሽጉ ውሃ የሚቀዳበትን ምንጭ መያዝ ነው፤ የራሳቸው ወታደሮችም ያዙት። ምሽጉ በጥይት ሳይሆን በጥም ተለቀቀ። ይህ ሐሳብ ከጦር ትምህርት ቤት የመጣ አይመስለንም። ቤት የሚያስተዳድር ሰው ቀኑን የሚጀምረው ስንት እንስራ ውሃ አለ ብሎ ነው። ውሃ የሌለው ቤት እስከ ማታ እንደማይቆም የሚያውቀው ውሃ የሚቀዳ ወይም የሚያስቀዳ ሰው ነው። ከሸርቆሌ ሴቶች አንዷ ብትጠየቅ ይህንኑ ነበር የምትመክረው።

የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይም እንዲሁ ነው። ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው ጣይቱ ፊታቸውን ገልጠው፣ ጥቁር ጥላ ይዘው፣ በእግራቸው ከሠራዊቱ ጋር ወደፊት ሄዱ። ወደ ኋላ ያለውን አደፋፈሩ። አብረዋቸው የዘመቱትን ሴቶች ደግሞ ውሃ በእንስራ እያስያዙ ለተዋጊውና ለቆሰለው አስጠጡ፤ ቁስለኛም አስታመሙ። መድፉን የሚቆጥር ታሪክ ብዙ ነው። እንስራዎቹን የሚቆጥር ግን ጥቂት ነው።

ከድሉ በኋላ ምኒልክ በማሽን ፍቅር ተያዙ፤ ስልኩ፣ ባቡሩ፣ አውቶሞቢሉ የእሳቸው ደስታ ነበር። ጣይቱ ደግሞ ወደ ለመዱት ወደ ቤትና ወደ ገበታ ተመለሱ፤ በአዲስ መልክ። በኢየሩሳሌም ለኢትዮጵያውያን የሚሆን ቤት አሠሩ። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በአገራችን የመጀመሪያ የሚባለውን ዘመናዊ ሆቴል ከፈቱ። የሚተርኩት እንደሚሉት መጀመሪያ ላይ ደፍሮ የሚገባ ጠፋ። መኳንንቱ ምግብ በገንዘብ መግዛትን እንደ ነውር ነው የሚያዩት፤ ምግብ ይጋበዛል እንጂ ይሸጣል እንዴ? ምኒልክ ራሳቸው ሄደው በልተው፣ ከፍለው፣ ሌላውን ጎትተው አስለመዱት ይባላል። እኛን የገረመን ግን ከንጉሡ ይልቅ የእቴጌይቱ ነገር ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በነፃ ሲያበሉ የኖሩ ሴት፣ ግብር የማብላት ክብራቸው ሳይቀንስ፣ ምግብ ሙያ ነው፣ ሙያም ዋጋ አለው ብለው በር ላይ ዋጋ ለጠፉ። ዛሬ በየከተማው ምግብ ቤት ከፍታ ልጆቿን የምታስተምር እናት ሁሉ የዚያ በር ጎረቤት ናት። ሆቴሉ በ2007 ዓ.ም. እሳት ጎድቶት እንደገና ታድሷል፤ በስማቸውም ይጠራል።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ያሳዝናል። ምኒልክ በሕመም ሲዳከሙ ጣይቱ መንግሥቱን በእጃቸው አስገቡ፤ ሹም ሻሩ፣ ሹመት ሰጡ። መኳንንቱና መሐል ሰፋሪው ግን አልታገሡም። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከሥልጣን አውርደው የታመመ ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑባቸው። ዘመድ ሹመዋል፣ ለጎንደርና ለየጁ ወገኖቻቸው አድልተዋል የሚል ክስ ነበረባቸው፤ ክሱ ከሜዳ ተነሥቶ የመጣ አልነበረም። ደግሞም ወንድ ንጉሥ ቢያደርገው ማን ይናገር ነበር የሚሉ ጓደኞች አሉን። ለሁለቱም ቦታ ትተናል።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ጣይቱ ከቤተ መንግሥቱ ወጥተው ወደ እንጦጦ ማርያም ተላኩ። ያ የሸሹት ብርድና ነፋስ ያለበት ተራራ ማለት ነው፤ ያ ትልቁ ድግስ የተደገሰበትም እዚያው ነው። ከተራራው ላይ ሆኖ ወደ ታች ሲታይ እሳቸው ስም ያወጡላት ከተማ ከባሕር ዛፉ መካከል ትታያለች። የእንጀራ ልጃቸውና የወንድማቸው የራስ ወሌ ልጅ ሚስት የነበሩት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት ሆነው ዘውድ ደፉ። ጣይቱም ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ጎንደር እንዲሄዱ ይፈቀድላቸው ዘንድ ለመኑ። አልተፈቀደላቸውም። ከዘውዲቱ ንግሥ ልክ በዓመቱ፣ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እዚያው እንጦጦ ላይ አረፉ። አስከሬናቸው በኋላ ወደ ታዕካ ነገሥት በዓታ ተወስዶ ከባለቤታቸው አጠገብ ተቀመጠ። ፍልውሃው ከዚያ በእግር ሩቅ አይደለም።